የእንግሊዝን ሕግ በአራት መጽሐፍ የሰበሰበ ሰው

የሕግ ትምህርት የያዙ ወጣቶች፣ በደብረ ማርቆስ ቢሆን በሌላውም ከተማ፣ የመውጫው ፈተና ሲቃረብ የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ብቻ ሲወጣ 3367 አንቀጾች ነበሩት፤ የወንጀሉ፣ የንግዱ፣ የሁለቱም ሥነ ሥርዓት፣ የቤተ ሰቡና የሠራተኛው ሕግ ደግሞ በላዩ ላይ ይደረባል። ይኸን ፈተና አልፎ ጠበቃ ለመሆን ያሰበውንም ሌላ የፈቃድ ፈተና ይጠብቀዋል። ብዙው ተማሪ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው፤ የአንቀጹን ቍጥር ከነቃሉ ሸምድዶ ወደ ፈተናው አዳራሽ ይገባል። ከአዳራሹ ሲወጣ ግን ቍጥሩ አብሮት አይወጣም።

ጭንቀቱ የኛ ልጆች ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ነገረ ፈጅ ለመሆን የሚፈልግ ሰው (እነርሱ ሶሊሲተር ይሉታል፤ ባለጉዳዩን ተቀብሎ የሚመክር፣ ውሉን የሚጽፍ፣ ክሱን የሚያሰናዳ የሕግ ሰው ነው) ከ2021 ጀምሮ በተሠራበት አዲስ ደንብ መሠረት በመጀመሪያው ክፍል ብቻ 360 ጥያቄዎችን ይመልሳል። ውል፣ ከውል ውጭ የሚደርስ ኃላፊነት፣ መሬት፣ ኑዛዜ፣ አደራ፣ ወንጀል፣ የመንግሥት አቋም ሁሉ ተደባልቆ ይመጣበታል። እንግሊዝ ደግሞ እንደኛ ተጠቅልሎ በአንድ ጥራዝ የተጻፈ የፍትሐ ብሔር ሕግ የላትም። የሕጓ ብዙው ክፍል ዳኞች በየዘመኑ ከሰጡት ፍርድ ተጠራቅሞ የመጣ ነው፤ ይኸንንም ኮመን ሎው ይሉታል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሕግ መሠረቱን ለይቶ ለመያዝ የሚነሣ ተማሪ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የአንድ ሰው ባለ ዕዳ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ስሙ ዊልያም ብላክስቶን ይባላል። የእንግሊዝን ነገር ስናወሳ ዓመቱን በአውሮጳ አቈጣጠር፣ የአገራችንን ስናወሳ ዓ.ም. ብለን በራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ብላክስቶን የተወለደው በ1723 በሐምሌ ወር በሎንዶን ከተማ፣ ቺፕሳይድ በተባለው የገበያ ሠፈር ነው። አባቱ የሐር ነጋዴ ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ሳይወለድ ጥቂት ወራት ሲቀረው ሞተ። እናቱም ብላቴናው ዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ዐረፈች። ዘመዶቹ፣ ይልቁንም ሐኪም የነበረው አጎቱ፣ አነሡት። ቻርተርሃውስ የተባለው ትምህርት ቤት ድኻ የሆኑ የጨዋ ልጆችን በነጻ የሚያስተምርበት ክፍል ስለ ነበረው በዚያ ገብቶ ላቲንና ግሪክ ተማረ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነውም ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ።

በኦክስፎርድ የወደደው ሕግን አልነበረም። ግጥም ይጽፍ ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ስለ ሕንፃ አሠራር አንድ ድርሰት አዘጋጀ። ግን አባት የሌለው ልጅ እንጀራውን ከአንድ ሙያ ማውጣት ነበረበትና በ1741 በሎንዶን ሚድል ቴምፕል ከሚባለው የጠበቆች ማኅበር ገባ። በዚያ ጊዜ የግጥምን ነገር መሰናበቱን የሚገልጽ ግጥም ጻፈ። ይኸን ስንብት ከጎጃም አንባቢዎቻችን ይበልጥ የሚረዳው የለም። ከዋሸራ ወይም ከዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባዔ ተነሥቶ ወደ ፍትሐ ነገሥት ወይም ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ሥራ የሄደ ሰው፣ ያ ዜማ በጆሮው ሲያቃጭል እንደሚኖር የታወቀ ነው። እኛም እንደሚመስለን ብላክስቶን ግጥሙን ተወ እንጂ ጆሮውን አልተወም፤ በኋላ የጻፈው የሕግ መጽሐፍ ከሌሎቹ ሁሉ ተመርጦ የተነበበው በዚህ ጆሮው የተነሣ ነው።

የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ ተማሪ ይገጥመው የነበረውን ችግር እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናይ ጥሩ ነው። የጠበቆቹ ማኅበራት በቀድሞ ዘመን መምህር ሹመው የሚያስተምሩ ነበሩ፤ በብላክስቶን ዘመን ግን ትምህርቱ ቀርቶ ግብሩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ተማሪው በማኅበሩ አዳራሽ የተወሰነ ቍጥር ያለው እራት ይበላል፤ የተወሰነ ዓመት ይቈያል፤ ከዚያ ጠበቃ ተብሎ ይጠራል። ዕውቀቱን የሚያገኘው ከነገረ ፈጅ ዘንድ ተቀምጦ ጽሑፍ እየገለበጠ፣ ከችሎት ቆሞ እየሰማ፣ የቀረውንም ብቻውን እያነበበ ነው። ነገረ ፈጆች ግዴታ የሆነ ፈተና መፈተን የጀመሩት በ1836 ሲሆን፣ በችሎት የሚከራከሩት ጠበቆች ደግሞ በ1872 ነው።

ያነብቡት የነበረውም መጽሐፍ የሚያስፈራ ነበር። ዋናው የመሬት ሕግ ድርሰት በ15ኛው መቶ ዓመት ሊትልተን የጻፈው ሲሆን፣ በ1628 ኤድዋርድ ኩክ ተርጕሞና ሐተታ ጨምሮ ያወጣው ነው። ከመካከል ዘሩ አለ፤ ዙሪያውን ሐተታው ይከበዋል፤ በሐተታውም ላይ ሌላ ሐተታ ይጨመራል። የትርጓሜ ቤት ልጅ ቢያየው አንድምታውን ዐውቆ ፈገግ ይል ነበር። የድሮዎቹ የፍርድ መዛግብትም በጥንት ፈረንሳይኛና በላቲን የተጻፉ ነበሩ። የፍርድ ቤት ጽሑፍ ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲሆን በፓርላማ ተወስኖ የተፈጸመው በ1733 ነው፤ ብላክስቶን ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር። እንግዲህ ከዚያ ቀደም የእንግሊዝ ባላገር የሚፈረድበትን ሕግ በአፉ በሚናገረው ቋንቋ አያነብበውም ነበር ማለት ነው። በኛም አገር ፍትሐ ነገሥቱ በግእዝ ተጽፎ ሲኖር፣ ባለጉዳዩ የሚሰማው ሊቁ በቃሉ የተረጐመለትን ያህል ብቻ እንደ ነበረ እናስታውሳለን።

ብላክስቶን በ1746 ጠበቃ ሆነ። ሆነ ለማለት ያህል ነው እንጂ ባለጉዳይ አልመጣለትም። አንደበቱ የተፈታ አልነበረም፤ የሚያስተዋውቀው ታላቅ ዘመድም የለውም። ሰባት ዓመት ያህል በሎንዶን ችሎቶች ሲመላለስ ከመዝገብ የሚቈጠሩ ጥቂት ነገሮችን ብቻ ያዘ። በዚህ መካከል ግን ኦክስፎርድ ውስጥ ኦል ሶልስ ከተባለው ኮሌጅ አባልነት ነበረውና የኮሌጁን ገንዘብ እንዲጠብቅ ተሾመ። የተዘበራረቀውን የሒሳብ መዝገብ አስተካከለ፤ ያላለቀውን ቤተ መጻሕፍት አስጨረሰ፤ ለተተኪዎቹም የሒሳቡን አያያዝ የሚያስረዳ ጽሑፍ ትቶ ወጣ። ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ይኸን ልብ ይበሉልን፤ ሰውዬው የአንድ አገር ሕግ በመልክ በመልኩ ከመደርደሩ በፊት የአንድ ግምጃ ቤት ደረሰኝ በመልክ በመልኩ ደርድሯል።

በ1753 በኦክስፎርድ የሮማ ሕግ መምህርነት ወንበር ተለቀቀ። ብላክስቶን እንዲሾም ዊልያም መሬይ፣ ያ በኋላ ሎርድ ማንስፊልድ ተብሎ ታላቅ ዳኛ የሆነው፣ ስለ እርሱ ተናግሮለት ነበር። የሹመቱ ሥልጣን የነበረው የኒውካስል መስፍን ግን በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፖለቲካ ረዳት ይፈልግ ነበርና፣ እንደሚነገረው፣ ወጣቱ ለዚህ ነገር ቀዝቃዛ ሆኖ ቢያገኘው ወንበሩን ለሌላ ሰጠው። በጥብቅናው ያልቀናው ሰው በመምህርነቱም ተከለከለ። እዚህ ላይ ነው የታሪኩ መታጠፊያ ያለው። በዘመኑ በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጥ የነበረው የሕግ ትምህርት የሮማና የቤተ ክርስቲያን ሕግ ብቻ ነበር። የአገሪቱን የራሷን ሕግ የሚያስተምር ጉባዔ አልነበረም። ብላክስቶን ከሎንዶን ተመልሶ ማንም ሳይሾመው፣ ደመወዝ ሳይቈረጥለት፣ ከተማሪዎቹ በሚቀበለው ክፍያ ብቻ ስለ እንግሊዝ ሕግ ማስተማር ጀመረ። በኛ ሊቃውንት አነጋገር ወንበር ዘረጋ እንበል።

ተማሪው በዛ። ለጠበቃነት የሚዘጋጁ ብቻ አልነበሩም፤ ነገ ርስታቸውን የሚያስተዳድሩ፣ በፓርላማ የሚቀመጡ፣ በየወረዳው ዳኛ የሚሆኑ የባላባት ልጆችም መጡ። በ1756 የትምህርቱን መዋቅር ብቻ የሚያሳይ አነስተኛ መጽሐፍ አተመላቸው። መዋቅሩን ከራሱ ያፈለቀው አይደለም፤ ከእርሱ በፊት በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዳኛ ማቲው ሄል የነደፈውን ነበር ያስተካከለው። የእርሱ ድርሻ በዚያ ንድፍ ላይ ቤቱን መሥራቱ ነው።

በዚያው በ1756 ቻርልስ ቫይነር የሚባል አንድ ሕግ ዐዋቂ ሞተ። ቫይነር ዕድሜውን ሙሉ የእንግሊዝን ፍርዶች በፊደል ተራ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። በራሱ ቤት፣ ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ወረቀት እያተመ 23 ታላላቅ ጥራዝ አወጣ። ሲሞትም ሀብቱን ለኦክስፎርድ ተናዘዘ፤ በገንዘቡም የእንግሊዝ ሕግ መምህርነት ወንበር እንዲቆም አደረገ። በ1758 በጥቅምት ወር ብላክስቶን የወንበሩ የመጀመሪያ መምህር ሆኖ ተመረጠ። ሁለቱን ሰዎች ማነጻጸር ደስ ይላል። ቫይነር ሁሉንም ሰበሰበ፤ ምንም አላስቀረም፤ ነገር ግን ፊደል ተከትሎ የተደረደረ ሕግ የሚፈልገውን አስቀድሞ ለሚያውቅ እንጂ ገና ለሚማር አይሆንም። ብላክስቶን ብዙውን ትቶ ምክንያቱን ያዘ። በቫይነር ድካምና በቫይነር ገንዘብ የተማረው ትውልድ ያነበበው የብላክስቶንን አራት መጽሐፍ ነው።

እነዚያ አራት መጻሕፍት የወጡት ከ1765 እስከ 1769 ነው። ስማቸው የእንግሊዝ ሕግ ሐተታ ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። ያሳተማቸውም አንዱ ምክንያት ዛሬ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ በክፍል የተጻፈው ማስታወሻ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ፣ ስሕተቱም እየተባዛ ይሸጥ ጀምሮ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ ሰዎች መብት፣ ሁለተኛው ስለ ንብረት፣ ሦስተኛው ሰው በሰው ላይ ስለሚያደርሰው በደልና ስለ ዳኝነቱ፣ አራተኛው ስለ ወንጀል ይናገራል። አከፋፈሉ ዛሬ ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ተማሪው በዐሥር ዓመት ንባብ ውስጥ ተበትኖ የሚያገኘውን ነገር በአንድ ካርታ ላይ አየው። እያንዳንዱን ደንብ ሲያስተምር ከየት እንደ መጣ፣ ለምን እንደ ቆመ፣ ከየትኛው ሌላ ደንብ ጋር እንደሚያያዝ ይነግራል። ምክንያቱን የያዘ ተማሪ ቍጥሩ ቢጠፋው እንኳ መንገዱ አይጠፋውም።

የጎጃምን ሰው ይበልጥ የሚያነጋግረው ሁለተኛው መጽሐፍ ነው፤ ስለ መሬት ነውና። የእንግሊዝ መሬት ሁሉ ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ በመጨረሻው የንጉሥ ነው ተብሎ ይቈጠራል፤ ሌላው ሰው ሁሉ ከንጉሡ ወይም ከንጉሡ ሰው የያዘ ባለ ይዞታ ነው። በብላክስቶን ዘመን ባለ ይዞታው ሲሞት መሬቱ ለበኵር ወንድ ልጁ ይተላለፍ ነበር፤ ታናናሾቹ ወንድሞችና ሴት ልጆች ከመሬቱ አይደርሳቸውም ነበር። ይኸን አንድ የደጋ ዳሞት ሽማግሌ ቢሰማ እንግሊዞች በልጆቻቸው መካከል የሚፈርዱት ፍርድ ግፍ ነው ይል ነበር ብለን እናስባለን። በጎጃም የርስት ልማድ የመጀመሪያው አቅኚ አባት ልጆች ሁሉ፣ በአባትም በእናትም በኩል እየቈጠሩ፣ ወንዱም ሴቱም የድርሻ ጥያቄ ነበራቸው። አንድ ሰው ከብዙ አባቶች ሊቈጥር ይችላል፤ የሚያገኘው ግን ትውልዱን በሚገባ ቈጥሮ በሽማግሌና በዳኛ ፊት የረታውን ያህል ነው። ስለዚህ የጎጃም ባላገር ሁሉ በመጠኑ ጠበቃ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይህን የርስት ሕግ ግን በአራት መጽሐፍ ቀርቶ በአንድ መጽሐፍ ከነምክንያቱ ደርድሮ ለልጆቹ ያወረሰ የጎጃም ብላክስቶን አልተነሣም። ትውልድ ቈጣሪው ሽማግሌ ሲሞት ሕጉ አብሮት ይቀበር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩትን ልማዶች፣ በተለይ ካልጠበቃቸው በቀር፣ ሻራቸው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ሊለካ ነው፣ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ተነሣ፤ መንግሥትም ጦር እስከ ማዝመት ደረሰ። ከዚያ አልፎ በ1967 ዓ.ም. በየካቲት የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ርስት ራሱ ቀረ። ይኸ ከመሆኑ ሁለት ዓመት ቀድሞ አለን ሆበን የተባለው የአሜሪካ ምሁር በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን የርስት ሥርዓት በመጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ስለ ጎጃም ርስት ጠልቆ ለማወቅ የሚሻ የጎጃም ልጅ ዛሬ የሚመራው ወደዚያ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ነው።

ወደ ብላክስቶን እንመለስ። አራተኛው መጽሐፉ ስለ ወንጀል ሲናገር ከሌሎቹ ይልቅ ድፍረት ያሳያል። በዘመኑ በሞት የሚያስቀጡ ወንጀሎች 160 ያህል እንደ ነበሩ ቈጥሮ፣ ቅጣቱ እንዲህ ሲበዛ ዳኛውም ምስክሩም ስለሚያዝን ጥፋተኛው ማምለጡን፣ ስለዚህ ሕጉ ራሱን እንደሚያዳክም አስረዳ። በደለኛ ማምለጡና ንጹሕ ሰው መቀጣቱ በሚዛን ቢቀመጡ የንጹሑ ጉዳት በዐሥር እጥፍ ይበልጥ እንደሚከብድ የወሰነውም በዚሁ መጽሐፍ ነው። ይኸ ሚዛን ከእንግሊዝ አልፎ በብዙ አገር የወንጀል ሕግ ትምህርት ውስጥ የብላክስቶን ስም ተለጥፎበት ይኖራል።

ነገር ግን ሰውዬውን ያለ ነቀፋ ብንተወው ለአንባቢ ታማኝ አንሆንም። ብላክስቶን ያገኘውን ሕግ ሁሉ ምክንያት ሊሰጠው ይወድዳል፤ ምክንያት የሌለውንም ጭምር። ያገባች ሴት በሕግ ፊት ከባሏ የተለየ ህልውና የላትም የሚለውን የእንግሊዝ ደንብ ሲያስተምር፣ ይኸ ሁሉ ለሴቲቱ ጥበቃና ጥቅም የተደረገ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ርስቷን በስሟ ይዛ በእኩል ተጋብታ በችሎት ቆማ የተከራከረች የጎጃም ባላገር ሴት ይኸን ብትሰማ ምን ትል ኖሯል? በባርነትም ነገር እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው እትም ባሪያ የእንግሊዝን ምድር በረገጠ ጊዜ ነጻ ይሆናል ብሎ አስተማረ፤ በተከታዮቹ እትሞች ግን የጌታው የአገልግሎት መብት ምናልባት ሊቀጥል ይችላል የሚል ቃል አስገብቶ አለሳለሰው። በ1772 ሎርድ ማንስፊልድ ጀምስ ሶመርሴት የተባለውን ባሪያ ጌታው በግድ ከአገር ሊያስወጣው አይችልም ብሎ የፈረደው ብላክስቶን እንዲህ ካመነታ በኋላ ነው።

ከሁሉ የከፋው ቀን የመጣበት ግን በፓርላማ ነው። በ1761 ወደ ፓርላማ ገብቶ ነበር፤ በዚያው ዓመትም አግብቶ የብዙ ልጆች አባት ሆነ። በ1769 ጆን ዊልክስ የተባለው መንግሥትን የሚነቅፍ ሰው ሕዝብ ደጋግሞ ሲመርጠው ምክር ቤቱ ደጋግሞ አባረረው፤ በመጨረሻም ሊመረጥ አይችልም ብሎ ወሰነ። ብላክስቶን ከመንግሥት ወገን ቆሞ ይኸ ውሳኔ ሕጋዊ ነው ሲል ተናገረ። ያን ጊዜ ቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ጆርጅ ግሬንቪል ተነሥቶ ከሐተታው ላይ ለፓርላማ እንዳይመረጡ የተከለከሉትን ሰዎች ዝርዝር ጠቀሰበት። ዝርዝሩ የራሱ የብላክስቶን ነው፤ ዊልክስ ግን ከዝርዝሩ አይገባም። ብላክስቶን የሚመልሰው አጥቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በኋላ በወጣው እትም የጐደለውን የሚሞላ ዐረፍተ ነገር ጨመረበት፤ ጠላቶቹም ይኸን አይተው ሣቁ። እኛ ግን በዚህ ነገር ውስጥ የምናየው ሌላ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ክርክር ለማንሣት በጥንት ፈረንሳይኛ የተጻፈ መዝገብ ማገላበጥ ያስፈልግ ነበር። አሁን ግን ሕጉ በሰው ሁሉ እጅ በሚገኝ መጽሐፍ ላይ ሰፍሯልና ደራሲው ራሱ እንኳ ሊያመልጠው አልቻለም።

ከተማሪዎቹም መካከል ጠላት ተነሣበት። ጄረሚ ቤንታም ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በኦክስፎርድ የብላክስቶንን ትምህርት ተቀምጦ ሰማ። በ1776 ስሙን ሳይገልጽ ባወጣው መጽሐፍ መምህሩን ያለውን ነገር ከሚገባው ነገር ጋር ቀላቅሏል፣ ሕግን ያስረዳል እንጂ አይመረምርም ሲል አብጠለጠለው። ነቀፋው ብዙ እውነት አለበት። ነገር ግን ቤንታም ሊያፈርሰው የቻለው ቤት፣ ቆሞና በመልክ ተሠርቶ የተገኘው በማን እጅ እንደ ሆነ መርሳት አይገባም። ብትን ነገርን ማን ይነቅፈዋል?

መጽሐፉ በደራሲው ዕድሜ ስምንት ጊዜ ታተመ፤ ከዚህም ወደ 14 ሺሕ ፓውንድ እንዳገኘ ይነገራል። በጥብቅናው ያልቀናው ሰው በመጽሐፉ ባለጸጋ ሆነ። ባሕር ማዶ በአሜሪካ ደግሞ የበለጠ ተፈለገ። በ1771 እና በ1772 ሮበርት ቤል የተባለው አታሚ በፊላደልፊያ አሳተመው። የሕግ ትምህርት ቤት በሌለበት፣ የፍርድ መዝገብ በማይገኝበት ጠረፍ ለሚኖር ሰው እነዚህ አራት መጻሕፍት መምህርም ቤተ መጻሕፍትም ሆኑ። አብርሃም ሊንከን በ1830ዎቹ በኒው ሴለም መንደር ያለ መምህር ሕግን ያጠናው እነርሱን እያነበበ ነው።

ወደኛ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ከጠላት ወረራ ነጻ ከወጣን በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፍርድ ቤቶች አቋም በአዋጅ ሲወሰን እንግሊዛውያን ዳኞች በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተቀምጠው ነበር። ዋና ዋናዎቹ ሕጎቻችን ከአውሮጳ ወገን ናቸው፤ የወንጀለኛውን መቅጫ የስዊሱ ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩን የፈረንሳዩ ሬኔ ዳቪድ አርቅቀውታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ግን በሰር ቻርልስ ማቲው፣ በእንግሊዛዊው ሕግ ዐዋቂ፣ እጅ አልፎ የእንግሊዝን ልማድ ይዞ ወጣ። በደብረ ማርቆስ ችሎት የተቀመጠ ተማሪ ዐቃቤ ሕጉ ምስክሩን ዋና ጥያቄ ሲጠይቅ፣ ጠበቃው ደግሞ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያፋጥጥ ቢሰማ፣ ከብላክስቶን ሦስተኛና አራተኛ መጽሐፍ ውስጥ የተዘረዘረውን ዐይነት ክርክር መስማቱ ነው። ያለ አግባብ የታሰረ ሰው በዳኛ ፊት እንዲቀርብ የሚያደርገው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታም፣ በ1958 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ የተጻፈው፣ ሥሩ ከእንግሊዝ ነው። ብላክስቶን ይኸንኑ አቤቱታ የእንግሊዝ ነጻነት ዋና አጥር አድርጎ ያየው ነበር። መስቀለኛው ጥያቄ ግን ለባላገራችን እንግዳ አልሆነበትም፤ ተጠየቅ ልጠየቅ ሲባባል የኖረ ሕዝብ ነውና።

ብላክስቶን በ1770 ዳኛ ሆነ፤ ሰር የሚለውንም ማዕርግ ያን ጊዜ አገኘ። በዳኝነቱ እንደ ማንስፊልድ የሚነሣ ፍርድ አልተወም። ጤናው እየታወከ ሄዶ ነበር፤ ሰውነቱ ወፈረ፣ ዐይኑ ደከመ፣ በእግር መንቀሳቀስ እጅግ ይጠላ ነበር፤ ሐተታውን ሲጽፍም የወይን ጠርሙስ ከፊቱ አይለይም ነበር ይባላል። በሚኖርበት በዎሊንግፎርድ ከተማ መንገድ እንዲሠራ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እንዲታደስ ደከመ። በመጨረሻው ዘመኑ የእስር ቤት ነገር ያሳስበው ጀምሮ ነበርና፣ እስረኞች ከመሰቀልና ከአገር ከመጋዝ ይልቅ ሥራ እየሠሩ የሚታረሙበት ማረሚያ ቤት እንዲቆም የሚያዝዘውን የ1779ኙን ሕግ ከጆን ሃዋርድና ከዊልያም ኤደን ጋር ሆኖ አዘጋጀ። ሕጉ ወጣ፤ ቤቱ ግን በእርሱ ዕድሜ አልተሠራም።

በ1780 በየካቲት ወር በ56 ዓመቱ ሞተና በዚያው ባሳደሰው በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ከሞተ ሦስት ዓመት በኋላ የሐተታው ዘጠነኛ እትም ወጣ፤ ደራሲው እስከ መጨረሻው ድረስ በመጽሐፉ ላይ ሲያርማቸው የቈያቸው እርማቶችም በውስጡ ገብተው ነበር።